ሰይፉን የሸጠው ሳሙራይ፦ «ታሶጋሬ ሴይቤይ»ን በሩዝ ሒሳብ ማየት

የሳሙራይ ፊልም ሲባል ቶሎ ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ሰይፍ ነው። እኔም «ታሶጋሬ ሴይቤይ»ን መጀመሪያ የከፈትኩት ሰይፉን ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አንድ የተጎሳቆለ ሰው ግምጃ ቤት ቁጭ ብሎ የስንቅ መዝገብ ይጽፋል። ሥራ ሲያልቅ ባልደረቦቹ መጠጥ ቤት እንሂድ ይሉታል፤ ይቅርታ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቁት የመርሳት ችግር ያለባቸው አሮጊት እናቱና ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቹ ናቸው። ማታ ደግሞ ተቀምጦ ከቀርከሃ የፌንጣ ጎጆ ይሠራል። ሰለቸኝና ዘጋሁት።

ሁለተኛ ያየሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። በመሃል አንድ ነገር አንብቤ ነበር፤ ሳሙራይ ደመወዙ የሚታሰበው በሩዝ እንደነበር። ይህችን ብቻ ይዤ ስመለስ ፊልሙ ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ያ የሰለቸኝ ግማሽ ሰዓት ለካ ዋናው ነገር ሁሉ የተነገረበት ነው። ጃፓኖቹ ተመልካቾች ይህን ስለሚያውቁት ፊልሙ ቆም ብሎ አያስረዳም። እኛ ግን ካልተነገረን ያልፈናል። ስለዚህ ዛሬ ሩዙን አብረን እንቁጠር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምተርከው፣ አስቀድሞ መስማት የማይወድ ሰው ፊልሙን አይቶ ይምጣ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ የወጣው በ2002 ነው። ዳይሬክተሩ ዮጂ ያማዳ ያኔ 71 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሳሙራይ ፊልም ሠርቶ አያውቅም። በጃፓን የሚታወቀው ቶራ ስለሚባል ተንከራታች ነጋዴና ስለ ቤተሰቡ በሚያወሩ ፊልሞቹ ነው። ከ1969 ጀምሮ ወደ 50 የሚጠጉ ክፍሎች የወጡለት ተከታታይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወጥ ቤትና ምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ካሜራ የተከለ ሰው ነው ወደ ሳሙራይ ዘመን የገባው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። በሁለት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ፍልሚያ ብቻ ነው ያለው። የቀረው ኑሮ ነው።

እንዲህ ያለውን ድሮ ዘመን ላይ የተመሠረተ ፊልም ጃፓኖች «ጂዳይጌኪ» ይሉታል። የዘመን ድራማ ማለት ነው፤ አብዛኛው የሚያልቀው 1868 ላይ ነው። በዚያ ዓመት የሳሙራይ መንግሥት ወደቀ። የሴይቤይ ታሪክም የሚፈጸመው በዚያ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ነው። ቦታው ኡናሳካ የሚባል ግዛት ነው። ኡናሳካ ካርታ ላይ የለም። ታሪኩን የጻፈው ሹሄይ ፉጂሳዋ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በጹሩኦካ አካባቢ የተወለደ ሰው ነው፤ ግዛቱን የሳለው በዚያው በነበረው በሾናይ ግዛት መልክ ነው። ተዋንያኑም የሚናገሩት በዚያው አገር ዘዬ ነው።

አሁን ወደ ሩዙ።

«ኮኩ» የሚባል መስፈሪያ አለ። አንድ ኮኩ 180 ሊትር ገደማ ነው፤ በሚዛን ወደ 150 ኪሎ፣ በእኛ አነጋገር አንድ ኩንታል ተኩል። አንድ ጎልማሳ በዓመት የሚበላው ይህን ያህል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የአገሩ ሀብት በሙሉ የሚለካው በዚህ ነው። መስፍን ለመባል ግዛትህ ቢያንስ 10,000 ኮኩ የሚገመት መሆን አለበት። ከመስፍኑ ሥር ያለው ሳሙራይም በኮኩ ይጠራል። እገሌ ማነው ሲባል፣ የዚህን ያህል ኮኩ ቤት ነው ይባላል። ስለዚህ ቁጥሩ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ከማን ጋር እንደምትቀመጥ፣ ለማን እንደምታጎነብስ፣ የማንን ልጅ እንደምታገባ የሚወስነው እሱ ነው። ከአባት ወደ ልጅም ይወርዳል። ሴይቤይ ጎበዝ ቢሆን፣ ቢተጋ፣ ሌሊት ቢሠራ ቁጥሯ ንቅንቅ አትልም።

የሴይቤይ ቁጥር 50 ነው። እጁ የሚገባው ግን 30 ኮኩ ነው። ሃያው የት ገባ? መስፍኑ «ተበድሮታል»። ይህ በብዙ ግዛቶች የነበረ አሠራር ነው። ግዛቱ ሲቸግረው ከሠራተኞቹ ደመወዝ ላይ ቆርጦ ብድር ይለዋል። ወረቀቱ ላይ ብድር ነው። ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ግን የለም።

ግዛቶቹስ ለምን ቸገራቸው? አንዱ ምክንያት መንገድ ነው። ከ1635 ጀምሮ መሳፍንቱ በየጊዜው ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ እየሄዱ መቀመጥ ነበረባቸው። ሚስትና ልጅ እዚያው መያዣ ሆነው ይቀራሉ። መስፍኑ ከነአጀቡ ሲመላለስ፣ ሁለት ቤት ሲያስተዳድር ካዝናው ይራቆታል። የማዕከሉ ገዥ የቶኩጋዋ ቤት ይህን ይወደዋል፤ የደኸየ መስፍን አያምፅም። ሁለተኛው ምክንያት ገበያ ነው። ሳሙራይ ገቢው ሩዝ ነው፣ ወጪው ግን ገንዘብ ነው። ሩዝ ሲረክስ ይጎዳል። ሌላው ዕቃ ሲወደድም ይጎዳል። ነጋዴው በማዕረግ ከሁሉም በታች ተቆጥሮ ሳለ አበዳሪ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

30 ኮኩ 45 ኩንታል ነው። ለአምስት አፍ 45 ኩንታል ሩዝ ምን ጎደለው የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ያ ሩዝ ምግብ ብቻ አይደለም። ልብሱም፣ መድኃኒቱም፣ ማገዶውም፣ የልጆቹ ጫማም እሱው ነው። ሳሙራይ ስለሆነ አሽከር ማኖር አለበት፤ ናኦታ የሚባል አንድ ሰው ቤቱ አለ። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ረጅም ጊዜ ታማ ነው የሞተችው። የሕክምናው ዕዳ አለ። የቀብሩም ዕዳ አለ፤ ሬሳ እንደ ቤቱ ደረጃ ነው የሚሸኘው። ቀብር ስንት እንደሚያወጣና ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሸክም ምን እንደሚመስል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ የፌንጣ ጎጆዎቹ ይህ ናቸው። ጃፓኖች የሚዘፍኑ ነፍሳትን በትንሽ የቀርከሃ ጎጆ አድርገው ድምፃቸውን መስማት ይወዳሉ። ሴይቤይ በሌሊት ያንን ሠርቶ ይሸጣል። ሰይፍ የሚታጠቅ ባለ ማዕረግ ለሌላ ሰው መዝናኛ ቀርከሃ ይሰነጥቃል። ልጆቹም አብረው ይሠራሉ። ለልብሱና ለገላው ጊዜ የለውም። አንድ ቀን ወጣቱ መስፍን ግምጃ ቤቱን ሊጎበኝ ይመጣል። ሴይቤይ ጋ ሲደርስ የተቀደደውን ልብሱን ያያል፣ የገላው ሽታም አፍንጫው ይገባል። ነገሩ ግዛቱን ሁሉ ያዳርሳል። አጎቱ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይጮኽበታል፤ የቤተሰባችንን፣ የኢጉቺን ቤት ስም አዋረድክ፣ ሚስት አግባ ይለዋል። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። «ታሶጋሬ» ድንግዝግዝ ማለት ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ሮጦ ቤቱ የሚገባው ሴይቤይ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ያ ሩዝ ከሰማይ አይወርድም። ገበሬው ነው የሚያበቅለው፣ ገበሬው ነው የሚገብረው። ፊልሙ ይህን አይደብቅም። አዝመራ በከፋበት ወቅት በረሃብ የሞቱ ሰዎች ሬሳ ወንዙ ይዞት ሲያልፍ እናያለን። ሴይቤይ ደኻ ነው፤ ከእሱ በታች ግን ስም እንኳ የሌለው ደኻ አለ።

ወደ እናትየው ልመለስ። ልጃቸውን አያውቁትም። አንተ ማነህ ብለው ይጠይቁታል። እሱም ሳይሰለች ስሙን ይነግራቸዋል፤ ልጅዎ ሴይቤይ ነኝ ይላል። አያቴ በመጨረሻ ዘመኗ «የማን ልጅ ነህ?» ትለኝ ነበር። የአባቴን ስም ስነግራት ደስ ይላታል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ትጠይቀኛለች። ስለዚህ ይህን ትዕይንት ፈዝዤ ማየት አልችልም። ያማዳ እዚህ ጋ ሙዚቃ አያስለቅስብንም። ሰውየው መልስ ይሰጣል፣ ምግቡ ይቀጥላል።

ሌላም የቤት ትዕይንት አለ። ትልቋ ልጅ ካያኖ የቻይናውን ፈላስፋ የኮንፊሽየስን ትምህርት ትማራለች። ለሴት ልጅ ይህ የተለመደ አልነበረም፤ አጎትየውም ሴት ምን ያደርግላታል ይላል። ልጅቱ ራሷ አባቷን ትጠይቃለች። መርፌ ብማር ልብስ እሰፋለሁ፣ ንባብስ ምን ይሠራልኛል? ሴይቤይ ትንሽ ያስብና ይመልስላታል። ንባብ ማሰብ ያስችላል፤ ዓለም ቢገለባበጥ ማሰብ የሚችል ሰው እንደምንም ይኖራል ነው የሚላት፤ ቃል በቃል ባይሆን ሐሳቡ ይህ ነው። ዓለሙ በእርግጥ ሊገለበጥ ጥቂት ዓመት ነው የቀረው። እሱ አያውቅም፤ ተመልካቹ ያውቃል።

ፍቅሩስ? ቶሞኤ የልጅነት ጓደኛው የሚቺኖጆ እህት ናት። ኮዳ ለሚባል ባለ ማዕረግ ተድራ ነበር። ሰካራምና ተደባዳቢ ስለሆነ ወንድሟ አፋትቶ ወደ ቤት መለሳት። ከዚያ የሴይቤይ ቤት መመላለስ ትጀምራለች። ልጆቹን ታጫውታለች፣ ቤቱን ታስተካክላለች፣ ለሳሙራይ ሴት አይፈቀድም የተባለውን የገበሬዎች በዓል ይዛቸው ሄዳ ታሳያቸዋለች። ቤቱ ሳቅ ይሰማበታል። ሚቺኖጆም ዓሣ ሊያጠምዱ በወጡበት፣ እህቴን ለምን አታገባትም ይለዋል። ሴይቤይ እምቢ ይላል።

ይህ እምቢታ ነው ብዙ ተመልካች የማይገባው። ይወዳታል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ታዲያ ምን ሆነ? መልሱ ቁጥሩ ነው። እሷ ከበዛ ኮኩ ቤት ነው የመጣችው። የሞተችው ሚስቱም ከእሱ ከተሻለ ቤት ነበር የመጣችው፤ በ50 ኮኩ ኑሮ ስትቃጠል አይቷል። ቶሞኤም መጀመሪያ ችግር የለም ትላለች፣ ሦስትና አራት ዓመት ሲሆን ግን ይመራታል ብሎ ያስባል። ይህን ያሰበው ስለማይወዳት አይደለም።

ጃፓኖች ስለነዚህ ታሪኮች ሲያወሩ ሁለት ቃል ያነሳሉ፤ «ጊሪ»ና «ኒንጆ»። ኒንጆ የሰው ስሜት ነው፣ አንጀት የሚለው። ጊሪ ደግሞ ለጌታህ፣ ለቤትህ፣ ለወዳጅህ ያለብህ ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ ጊሪን ሳስብ ይሉኝታ ትዝ ይለኛል። አንድ ግን አይደሉም። ይሉኝታ የሰውን ዓይን መፍራት ነው፤ ጊሪ ማንም ባያይህም ያለብህ ዕዳ ነው። ግን ሁለቱም ሰውን ዝም ያሰኛሉ። የሴይቤይ ዝምታ የመጣው ከዚህ ነው። ጨዋታ አዋቂ ስላልሆነ ብቻ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ እንደ ክር ተያይዞ ይመጣል። የተፈታው ባል ኮዳ ሰክሮ የቶሞኤ ቤት ይመጣና ወንድሟን ለፍልሚያ ይጠራል። ሴይቤይ በጓደኛው ፋንታ ይገባል። ወንዝ ዳር ይገናኛሉ። ኮዳ በሰይፍ፣ ሴይቤይ በእንጨት ዱላ። ኮዳ ተዘርሮ ይቀራል። ሴይቤይ ይህ ነገር እንዳይወራ ይፈልጋል፤ ግን ወሬ እግር አለው። ያ ሽታው የሚያስጠላው የግምጃ ቤት ጸሐፊ በወጣትነቱ አጭር ሰይፍ የተካነ ሰው እንደነበር ከላይ ያሉት ይሰማሉ።

ወዲያው መስፍኑ ይሞታል። ማን ይተካ በሚል ግዛቱ ለሁለት ይከፈላል። የተሸነፈው ወገን ሰዎች ሆዳቸውን ቀድደው እንዲሞቱ ይታዘዛሉ። ዮጎ ዜንኤሞን የሚባል ኃይለኛ ሰይፈኛ እምቢ ብሎ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። የተላከበትንም ሰው ይገድላል። ቀጥሎ የሚላከው ሴይቤይ ነው።

ሴይቤይ ጊዜ ስጡኝ ብሎ ይለምናል። ልጆች አሉኝ፣ እናቴ በሽተኛ ናት፣ ሰው ለመግደል የሚያበቃ ጭካኔ ከውስጤ ጠፍቷል ነው ነገሩ። አለቆቹ ይቆጣሉ። እዚህም ሩዙን አትርሱ። ያ 30 ኮኩ የሚመጣው ከጌታ ነው። እምቢ ያለ ሳሙራይ ደመወዙን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ቤቱን፣ ስሙን፣ የልጆቹን ነገ ያጣል። ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዶ ማመልከት የለም።

በማግስቱ ጠዋት ቶሞኤን አስጠርቶ ጸጉሩን እንድታስርለት፣ እንድታለብሰው ይጠይቃታል። ፊልሙ እዚህ ጋ አይቸኩልም። ጸጉሩን ታበጥራለች፣ ታስራለች፣ መታጠቂያውን ታቀብለዋለች። ሊወጣ ሲል ይነግራታል። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን ማግባት ነበር ሕልሜ፣ በሕይወት ከተመለስኩ ሚስቴ ትሆኛለሽ ወይ ይላታል። እሷ ከጥቂት ቀናት በፊት ሌላ የጋብቻ ጥያቄ ተቀብላለች። ይሄዳል።

የዮጎ ቤት ጨለማ ነው። ሴይቤይ ሲገባ ሰውየው ተቀምጦ እየጠጣ ነው። ና ተቀመጥ ይለዋል። አምልጬ እንድሄድ ተወኝ ይለዋል። ከዚያ ስለ ኑሮው ይተርካል። ጌታ አጥቶ ከነቤተሰቡ እንደተንከራተተ፣ ሚስቱና ልጁ በዚያው በሳንባ በሽታ እንደሞቱበት። አለቃዬ ያዘዘኝን ነው የሠራሁት፣ ለምን እሞታለሁ ይላል። የልጁ አጥንት ከእሱ ጋር ነው፤ አንዱን አንስቶ አፉ ውስጥ ያደርገዋል። ይህን ሚና የሠራው ሚን ታናካ በሙያው ዳንሰኛ ነው፤ ፊልም ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ገና ሳይነሳ ትከሻው ብቻ ያስፈራል።

ሴይቤይ ልቡ ይራራል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ያው በሽታ፣ ያው ዕዳ፣ ያው ትእዛዝ። እንደ ወዳጅ ሲያወራ አንድ ነገር ያመልጠዋል። እኔም ለሚስቴ ቀብር ረጅሙን ሰይፌን ሸጫለሁ ይላል። በአፎቱ ውስጥ ያለው የቀርከሃ ስለት ነው። ዮጎ ወዲያው ይለወጣል። በቀርከሃ ልትገድለኝ ነው የመጣኸው?

ይህ ቁጣ የቀለለ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ረጅምና አጭር ሰይፍ ጥንድ አድርጎ መታጠቅ የሳሙራይ ብቻ መብት ነበር። ሰይፉ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን መታወቂያው ነው። የሸጠ ሰው ራሱን እንደሸጠ ይቆጠራል። የቀርከሃ ሰይፍ በጃፓን ሲኒማ የታወቀ ቁስል ነው። ማሳኪ ኮባያሺ በ1962 በሠራው «ሐራኪሪ» ውስጥም አንድ ወጣት ለታመሙ ሚስቱና ልጁ ሲል ስለቱን ሸጦ በቀርከሃ ተክቶታል፤ ጨካኞች በዚያው በቀርከሃው ሆዱን እንዲወጋ ያስገድዱታል። ኮባያሺ በዚያ ሥርዓት ላይ በቁጣ ይጮኻል። ያማዳ አይጮኽም። የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ ለእኔ የያማዳው ነው የሚከብደው፤ ሰይፉን የሸጠ ሰው አልተዋረደም፣ ልጆቹን አብልቷል።

ሴይቤይ የቀረው አጭሩ ሰይፍ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አጭር ሰይፍ ይጠቅማል። ዮጎ ረጅሙን ሲያነሳ ስለቱ ከበሩ ላይኛው እንጨት ተሰክቶ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ያልቃል። ዮጎን የገደለው የቤት ጣሪያ ማነስ ነው ማለት ይቻላል።

ሴይቤይ ደም በደም ሆኖ እየተጎተተ ቤቱ ይደርሳል። ልጆቹ ይሮጣሉ። ቶሞኤ አልሄደችም። ቤቱ ውስጥ ስትጠብቀው ነው የዋለችው።

ታሪኩን ሁሉ የምትነግረን ታናሿ ልጅ ኢቶ ናት። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የምትተርከው አርጅታ ነው። ወላጆቿ በደስታ የኖሩት ሦስት ዓመት እንኳ እንዳልሞላ ትነግረናለች። የቦሺን ጦርነት መጣ። በ1868ና በ1869 የንጉሠ ነገሥቱ ወገን ከቶኩጋዋ ወገን ጋር የተዋጋበት ነው። ሾናይ ከተሸናፊዎቹ ጋር ነበር። ሴይቤይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ያን ሁሉ ዓመት የተማረው የሰይፍ ጥበብ ጠመንጃ ፊት ምንም አልሠራም።

አዲሱ የሜጂ መንግሥት መጣ። በ1889 ያወጣው ሕገ መንግሥት፣ በእኛ አገር በ1931፣ በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም.፣ ለወጣው የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አርአያ የሆነው ነው። ያው መንግሥት በ1876 ሰይፍ መታጠቅን ከለከለ፣ የሳሙራዮቹን የሩዝ ደመወዝም ወደ ቦንድ ለውጦ ዘጋው። 50 ኮኩ የሚባል ሰው ከዚያ ወዲያ የለም። በጹሩኦካ አጠገብ ማጹጋኦካ በሚባል ቦታ በ1872 ወደ 3,000 የሚሆኑ የቀድሞ ሳሙራዮች ጫካ መንጥረው ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላውን የመልበሪ ዛፍ ተክለው ትሉን ማርባት ጀመሩ። ሰይፍ የያዘ እጅ መቆፈሪያ ያዘ።

ቶሞኤ ሁለቱን ልጆች ይዛ ቶኪዮ ገባች። ሠርታ አሳደገቻቸው፣ ዳረቻቸው።

ፊልሙ የሚያልቀው ኢቶ የአባቷን መቃብር ልትጎበኝ ስትመጣ ነው። የአባቷ የቀድሞ ባልደረቦች፣ አንዳንዶቹ በአዲሱ መንግሥት ትልቅ ሰው የሆኑት፣ ታሶጋሬ ሴይቤይ ዕድለ ቢስ ነበር ይሉ እንደነበር ትናገራለች። እሷ አይመስላትም። አባቴ ትልቅ ሰው መሆን አልፈለገም፤ እኛን ይወደን ነበር፣ እንደ ቶሞኤ ያለች ሴት ወደደችው ትላለች። ከዚያ ተነስታ ትሄዳለች።